«እኔ አልወለድኳቸውም» ላለች ልጅ ምን ይመለሳል?

ደብዳቤው

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ።

የስድስት ልጆች እናት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ፣ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የባለቤቴ እናትም አብረውን ስላሉ፣ ባለቤቴ ቤት ባደረበት ቀን ዘጠኝ ሰዎች እንሆናለን። እርሱ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በወር ውስጥ ከስድስት ወይም ከሰባት ሌሊት በላይ ቤቱ አያድርም። እኔ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆችና ለሁለት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ።

ትልቋ ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ 10ኛ ክፍል ትማራለች። ከእርሷ በታች የ13 እና የ11 ዓመት ወንዶች፣ የ8 ዓመት ሴት፣ የ5 ዓመት ወንድና አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ሕፃን አሉ። አራቱ እዚሁ ሰፈራችን ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት፤ ቁርስና ምሳም እዚያው ይመገባሉና በዚህ በኩል እግዚአብሔር ይመስገን። የትልቋ ትምህርት ቤት ግን ራቅ ይላል።

ይህች ልጅ እጅግ ታዛዥ ነበረች። ሌሊት 11 ሰዓት በስልኳ አላርም ትነሳለች፤ እኔ ምጣድ ላይ ስሆን ታናናሾቿን ትቀሰቅሳለች፣ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ትንሹን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ራሷ ትሄዳለች። ማታም ዕቃ አጥባ፣ ፍራሽ አንጥፋ፣ የታናናሾቿን የቤት ሥራ አይታ ከ5 ሰዓት በፊት አትተኛም። ውኃ በሚመጣበት ሌሊት ደግሞ ተነስታ ጀሪካን የምትሞላው እርሷ ናት። በቅርቡ ትምህርት ቤቷ ጠርቶኝ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እንደሚወስዳት፣ ውጤቷም እንደወረደ ነገሩኝ። በዚያው ምሽት ሕፃኗ ስታለቅስ «ተነሺና አንሺያት» ብላት፣ ከደብተሯ ቀና እንኳ ሳትል «እኔ አልወለድኳቸውም» አለችኝ። አያትየው ፊት ነበር። በጥፊ መታኋት። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነን። የታዘዘችውን ሁሉ ትሠራለች፤ ነገር ግን ከ«እሺ» በቀር ቃል አይወጣትም።

አማቴ «ተበላሽታለች፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዢያት» ይሉኛል። ወንዶቹን ላዝዝ ስል ደግሞ «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» ብለው ይቆጣሉ። ጎረቤቱም «በዚህ ኑሮ ስድስት!» እያለ ያሳቅቀኛል። ልጄን ወደ ቀድሞ ጠባይዋ እንዴት ልመልሳት? ይህን ሁሉ ልጅስ በሥርዓት ማሳደግ ይቻላል?

የስድስት ልጆች እናት፣ ከጀሞ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ መልሱ አጭር ስለሆነ። አዎ፣ ይቻላል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 4.6 ልጅ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ግን ቁጥሩ 1.8 ብቻ ነበር። ጎረቤቶችዎ የሚገረሙት እንዲህ ያለ ቤት በከተማቸው እየጠፋ ስለመጣ እንጂ እርስዎ ጥፋት ስለሠሩ አይደለም። እኔ ራሴ ከስምንት ልጆች መካከል ሦስተኛ ሆኜ ነው ያደግሁት፤ በአንድ ትሪ ዙሪያ ስምንት እጅ ሲዘረጋ የሚኖረውን ሙቀትም፣ አንድም ልጅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጥበት መናገር የማይችልበትን ጫጫታም አውቀዋለሁ።

የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ግን በጠየቁበት መልኩ ልመልስልዎ አልችልም። ልጄን ወደ ቀድሞ ጠባይዋ እንዴት ልመልሳት ብለዋል። እኔ ወደዚያ እንድትመለስ አልመኝላትም፤ እርስዎም ነገሩን ረጋ ብለው ቢያዩት የሚመኙላት አይመስለኝም። የቀድሞ ጠባይዋ የሚሉት ነገር ዝም ብሎ መሸከም ነበርና። «እኔ አልወለድኳቸውም» የሚለው ቃል በአያት ፊት ሲነገር እንደ ድፍረት መሰማቱ ይገባኛል፤ አነጋገሩም ሻካራ ነው። የያዘው ነገር ግን እውነት ነው። ልጅቷ አልወለደቻቸውም፤ እያሳደገቻቸው ነው። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። ሊጥ እያቦካች፣ ምጣድ ላይ ቆማ፣ ሕፃን አዝላ፣ ባለቤቷ ከሀገር ጠረፍ እስኪመለስ ቤት የምትይዝ ሴት፣ አጠገቧ ያለውን የመጀመሪያ ብርቱ እጅ መያዟ የሚጠበቅ ነው።

እስቲ ከእንቅልፏ ተነስተን እንቁጠር። ልጅዎ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኝታ ሌሊት 11 ሰዓት ትነሳለች፤ ይህ ስድስት ሰዓት ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀንና በሌሊት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው የሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ዝቅተኛውን ብንወስድ እንኳ በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት ይጎድላታል፤ በአምስት የትምህርት ሌሊቶች ሲደመር አሥር ሰዓት ማለት ነው። ውኃ ሲመጣ የምትነሳበትን ሳንቆጥር፣ ይህች ልጅ በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ሌሊት ያልተኛች ያህል ሆና ነው ክፍል የምትገባው። ከትምህርት ቤት የተነገረዎት ሁሉ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥቱ ያጥራል፣ ትምህርት አይዘልቀውም፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል ወይም ጭልጥ ብሎ ዝም ይላል። በልጅዎ ላይ «መበላሸት» ተብሎ የተተረጎመው ይኸው ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል በደንብ እየተኛች እንቅልፉ ካልለቀቃት ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው የደም ማነስ እንዳለባት ያስመርምሯት፤ በእድገት ላይ ባሉ ልጃገረዶች ላይ የሚታይ ነገር ነውና።

እንዲህ ያለው ሸክም በአንድ ቀን አይመጣም። ማንም ተቀምጦ «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ እናት ነሽ» አይልም። ሁለተኛው ሲወለድ ልጅቷ የሦስት ዓመት ልጅ ሆና ጨርቅ ታቀብላለች፤ «ጎበዝ» ትባላለች። አራተኛዋ ስትመጣ በስምንት ዓመቷ ማዘል ትጀምራለች፤ «የእናቷ ቀኝ እጅ» ትባላለች። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሴት ልጅ በዚህ ምስጋና ነው የምትያዘው፤ ምስጋናው ከልብ ስለሆነም እንቢ ለማለት አይመችም። እናትየዋም ከልብ ስላመሰገነች ያዘዘችው ነገር በዝቶ እንደሆነ ዞር ብላ አትቆጥርም።

ልጅ አይሥራ እያልኩ እንዳይመስልብኝ። ብዙ ልጆች ባሉበት ቤት የማይሠራ ልጅ ሊኖር አይገባም፤ ወጥ የማይሠራ፣ ልብሱን የማያጥብ ልጅ ማሳደግ ለልጁም ጉዳት ነው። የምለየው ማገዝንና መሸከምን ነው። ልዩነቱን ለማየት አንድ ነገር ራስዎን ይጠይቁ፦ ልጅዎ ታማ ሦስት ቀን ብትተኛ በቤቱ ውስጥ ምን ይቆማል? አንድ ሥራ ብቻ ከጎደለ ስታግዝ ነበር ማለት ነው። ልጆቹ ያልታጠቡ፣ ያልለበሱ፣ ትምህርት ቤት ያልደረሱ፣ ውኃ ያልተቀዳ፣ ዕቃ ያልታጠበ ከሆነ ግን ቤቱ በእርሷ ላይ ቆሟል።

በደብዳቤዎ ውስጥ ሳይታወቅዎ የጻፉት አንድ ነገርም ዓይኔን ያዘው። የ13፣ የ11፣ የ8 እና የ5 ዓመቶቹ ልጆች አንድ ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት፤ እርሱም ሰፈራችሁ ውስጥ ነው። ይሁንና ትንሹን እዚያ የምታደርሰው ትምህርት ቤቷ የራቀው ትልቋ ናት። ሦስት ልጆች ወደዚያው ግቢ እየሄዱ፣ አንዷ መንገዷን አጣምማ ታደርሰዋለች። ይህ የሆነው ማንም ስለፈረደባት ሳይሆን፣ ልጁ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ሲገባ እርሷ ስላደረሰችው ይመስለኛል፤ በቤታችሁ ውስጥ በዚህ መንገድ በእርሷ ላይ የቀሩ ሌሎች ሥራዎችም እንደሚኖሩ እጠረጥራለሁ።

አሁን ወደ ጥፊው ልምጣ፤ እርሱ ሳይነሳ የሥራ ክፍፍል ብታወሩ ልጅቷ አትሰማችሁምና። ይቅርታ መጠየቅ አለብዎ። ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ያላየን ብዙዎች ነን፤ እኔም በልጅነቴ አላየሁም። አንዳንዱ ክብሬን አጣለሁ ብሎ ይፈራል። ነገር ግን በክፍል ውስጥ መምህሯ በጥፊ ቢመታት ኖሮ እርስዎ ዝም የሚሉ አይመስለኝም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከመምህር እጅ የማንታገሰውን ነገር በገዛ እጃችን ስናደርገው ለልጁ ሕመሙ አይቀንስም፤ እንዲያውም የሚሸሽበት ሌላ ቤት ስለሌለው ይብሳል።

ይቅርታውን መጀመሪያ ለብቻዋ ይንገሯት። ረጅም አያድርጉት። «ያን ዕለት ስለመታሁሽ አጥፍቻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። የተናገርሽው ነገር አመመኝ፤ ግን ሳስበው ልክ ነሽ፤ ከአቅምሽ በላይ ጭኜብሻለሁ» ማለት ይበቃል። «ግን አንቺም» የሚል ቃል አይጨምሩበት፤ እርሱ ከተጨመረ የምትሰማው እርሱን ብቻ ነው። ስጦታም አያስከትሉ። ወዲያው አቅፋ እንድታለቅስልዎ አይጠብቁ፤ ምናልባት «እሺ» ብላ ትሄድ ይሆናል። ሁለት ሳምንት የተጠራቀመ ዝምታ በአንድ ምሽት አይፈታም፤ ቃልዎን ተከትሎ የሚመጣውን ለውጥ ነው የምትጠብቀው። ጥፊው በአያቷ ፊት ስለነበረ ደግሞ፣ በሌላ ቀን አማትዎ ባሉበት «ያን ዕለት እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብለው በአጭሩ ያንሱት። በሰው ፊት የተዋረደ ልጅ በሰው ፊት ካልተነሳ ቁስሉ ውስጥ ለውስጥ ይቆያል።

ከዚህ በኋላ ሥራውን ማከፋፈል ይመጣል። ባለቤትዎ ቤት ያደሩበትን ቀን ይምረጡና ከሕፃኗ በቀር ሁሉም ልጆች ባሉበት ይነጋገሩ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ማታ ከትልቋ ጋር ተቀምጠው ከሌሊት እስከ ማታ የምትሠራውን ሁሉ በወረቀት ላይ ይጻፉ። እርስዎ ከሚያውቁት የሚበልጥ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ማጠብና ማልበስ ይታያል፤ የማይታየው ማስታወሱ ነው። ትንሹ ነገ የስፖርት ልብስ እንደሚፈልግ፣ የስምንት ዓመቷ የሒሳብ ደብተር እንዳለቀ፣ የአንዱ ጫማ ሶል እንደተላቀቀ፣ ትምህርት ቤቱ የወላጅ ስብሰባ ብሎ ወረቀት እንደላከ፣ ለሕፃኗ የታዘዘው ሽሮፕ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሰጥ፣ ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ የምትዞረው ማን እንደሆነች ይጠይቁ። ሥራውን ለወንድሞቿ አከፋፍለው ማስታወሱን ለእርሷ ከተዉት፣ ቀድሞ በእጇ ትሠራ የነበረውን አሁን በአፏ እየቆሰቆሰች ታሠራለች፤ ድካሙ ያው ነው፣ ጠብ ብቻ ይጨመርበታል።

ስለዚህ ሥራን ሲሰጡ ከነሐሳቡ ይስጡ። ለምሳሌ የ13 ዓመቱ ልጅ የትንሹን ወንድሙን ጠዋት ሙሉ በሙሉ ይረከብ፦ መቀስቀስ፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ አብሮት መሄድ፣ አብሮት መመለስ፣ እንዲሁም ከትምህርት ቤት የሚላከውን ወረቀት ለእርስዎ ማድረስ። ዩኒፎርሙ ማታውኑ ታጥፎ መቀመጡንም የሚያየው እርሱ ይሁን። ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት ስለሚበሉ የጠዋቱ ሥራ ከዚህ አይበልጥም፤ የ13 ዓመት ልጅ አይከብደውም። የ11 ዓመቱ የእራት ዕቃ ማጠብንና ፍራሽ ማንጠፍን ይውሰድ። ውኃው ለሁለቱ ወንዶች በጋራ ይሁን፤ ሌሊት ከመጣ በየተራ እርስዎና ትልቁ ወንድ ልጅ ትነሳላችሁ፣ ቀን ከመጣ ሁለቱ ይሞላሉ። የስምንት ዓመቷ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች፣ ጫማዎችን በር ላይ ትደረድራለች። እርሷን በተመለከተ ግን አደራ እላለሁ፦ ሁለተኛዋ ሴት ልጅ በመሆኗ ብቻ ከትልቋ የወረደው ሸክም ወደ እርሷ እንዳይንሸራተት ይጠንቀቁ። በብዙ ቤቶች የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ትልቋ ስታገባ ወይም ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ተከታይዋ ሴት ትተካለች፣ በመካከል ያሉት ወንዶች ሳይነኩ ያልፋሉ።

የ11 ዓመቱ ልጅ ያጠበው ድስት በመጀመሪያው ወር ቅባቱ አይለቅም። ብርጭቆም ይሰብራል። እርስዎ ደክመው ቆመው «ስጠኝ፣ እኔ ልጠበው» ለማለት ይቃጣዎታል፤ ትልቋ ደግሞ ስፖንጁን ልትቀማው ትነሳለች። ሁለታችሁም እጃችሁን ሰብስቡ። እርሱ እያየ የታጠበ ዕቃ እንደገና ከታጠበ፣ በደንብ ካላጠብኩ ይቀርልኛል ብሎ ይማራል። ቅባቱን አሳይተው መልሶ እንዲያጥበው ያድርጉ። በአንድ ወር ውስጥ እጁ ይለምዳል።

የሽምግልናውን ሥራም አይርሱ። ትናንሾቹ ሲጣሉ ለማን ነው የሚከሱት? በእንዲህ ያለ ቤት ክሱ ሁሉ ወደ ትልቋ ነው የሚሄደው፤ እርሷ ደብተሯ ላይ ስትጎነበስ አንዱ «መታኝ» ይላል፣ ሌላዋ «እርሳሴን ወሰደ» ትላለች። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ማንም ወደ እርሷ እንዳይሄድ፣ ክስ ካለ ወደ እርስዎ ወይም ወደ አያታቸው እንዲሆን ይወስኑ። ያኔም ደብተሯን ዘግታ 3 ሰዓት ላይ ብትተኛ፣ ጠዋት ለራሷ ትምህርት 12 ሰዓት ብትነሳ ዘጠኝ ሰዓት ትተኛለች።

ይህ ሁሉ በአማትዎ በኩል እንደማያልፍ እየገመቱ እንደሚያነቡ አውቃለሁ። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚሉት ክፋት ስላለባቸው አይደለም፤ ያደጉበት ቤት እንዲያ ነበር። በዚያ ቤት ግን ወንዱ ልጅ ከብት ይጠብቅ፣ እንጨት ይፈልጥ፣ እርሻ ይወርድ ነበር። ጀሞ ውስጥ ከብትም እርሻም የለም። የወንዱ ሥራ ሲቀር የሴቷ ሥራ ባለበት ቀረ፤ ስለዚህ ወንድሞቿ ኳስ ሲጫወቱ እርሷ ጀሪካን ትሞላለች። ለአማትዎ በዚህ መልኩ ቢያስረዷቸው ከመከራከር ይሻላል፤ «በእርስዎ ቤት ወንዱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ነበር?» ብለው በአክብሮት ቢጠይቋቸው መልሱን ራሳቸው ይሰጡታል።

ሆኖም ይህን ቃል ከእርስዎ ይልቅ ልጃቸው ቢናገሩት ይሰማል። ባለቤትዎ በመንገድ ሲያድሩ ሻይ የሚያፈሉበት፣ ልብሳቸውን የሚያጥቡበት ቀን እንደማይጠፋ እገምታለሁ፤ ይህንኑ ለወንዶቹ ልጆቻቸው ቢነግሯቸው ከእኔ ምክር ሁሉ ይበልጣል። በእናታቸው ፊት «እኔ ነኝ ያዘዝኩት» ይበሉ። ከዚያም መንገድ ላይ ሳሉ በስልክ ሲያገኟችሁ የ13 ዓመቱን «ወንድምህ ዛሬ በሰዓቱ ደረሰ?» ብለው ይጠይቁት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 50 ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት ረገድ እኩል መብት እንዳላቸውና ልጆቻቸውን በመልካም ጠባይና በትምህርት ለማሳደግ መተባበር እንዳለባቸው ይናገራል። የመኪና መሪ መያዝ ከዚህ ነፃ አያደርግም፤ ርቀው ያሉ አባት በስልክም ቢሆን ሊመሩ ይችላሉ።

ለአማትዎም ድርሻ ይስጧቸው፤ ከመቆጣት በቀር ሥራ የሌለው ሽማግሌ ሁሉንም ነገር ይቆጣል። ጤናቸው የሚፈቅድ ከሆነ ሕፃኗ ማታ ስታለቅስ የምትሰጠው ለእርሳቸው ይሁን። ያን ዕለት «ተነሺና አንሺያት» ሲባል አያትየው እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ ትእዛዙ የደረሰው ግን ደብተር ለያዘችው ልጅ ነው። ይህን ለእርሳቸው እንዲህ አድርገው አይንገሯቸው። «እማዬ፣ እርስዎ ሲይዟት ቶሎ ጸጥ ትላለችና ማታ ማታ በእርስዎ እጅ ትሁን» ቢሏቸው ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ።

በስድስት ልጆች መካከል ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ጊዜ መስጠት የማይቻል ይመስላል። አንድ ነገር ግን እርስዎ እጅ ላይ አለ። እንጀራ ሻጭ ነዎትና ጤፍ ይዘው ወፍጮ ቤት መሄድዎ አይቀርም፤ እዚያ ደግሞ ወረፋ አለ። በሄዱ ቁጥር አንድ ልጅ ብቻ ይዘው ይሂዱ። ሕፃኗን ትተን አምስት ልጆች ስላሉ፣ በየሳምንቱ የሚሄዱ ከሆነ እያንዳንዱ በአምስት ሳምንት አንድ ጊዜ እናቱን ለብቻው ያገኛል። እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ከእርሷ ጋር ወፍጮ ቤት በር ላይ፣ ዱቄቱ ፀጉራችን ላይ እየነሰነሰ ያወራናቸው ነገሮች እስከ ዛሬ ይታወሱኛል፤ ቤት ውስጥ ያለችው እናቴና ያቺ ሴት ሁለት ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። መጀመሪያ ትልቋን ይውሰዷት። እህሉን ለሚሸከም ሰው ይክፈሉና እርሷ ባዶ እጇን ትሂድ። በመንገድ ላይ ስለ ታናናሾቿ አንድም ጥያቄ አይጠይቋት። ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ክፍሏ፣ ስለምትወደው ትምህርት ይጠይቋት። ዝም ካለችም አብረዋት ዝም ይበሉ።

ስለ ገንዘብም ሳልናገር አላልፍም። ልጅን ዕቃ ስላጠበ መክፈል አልደግፍም፤ ቤቱ የሁሉም ነው። እንጀራው ግን ንግድ ነው። ልጅዎ በዕረፍት ቀን ሊጥ ካቦካች፣ እንጀራ ካወጣች፣ ለሱቅ ካደረሰች፣ ከትርፉ ትንሽም ብትሆን የታወቀች ድርሻ ይስጧት፤ በራሷ ስም ትቆጥባት ወይም ለምትፈልገው ነገር ታውላት። በትምህርት ቀን ግን ምጣዱ አጠገብ አትቁም። ሥራው ለእርስዎ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ከሁለቱ ምግብ ቤቶች አንዱን ለጊዜው መተው ወይም ለጥቂት ሰዓት የሚያግዝ ሰው መቅጠር የግድ ሊሆን ይችላል፤ ገቢው እንደሚቀንስ አውቃለሁ፣ ይህን ስመክርዎም ቀላል ነው ብዬ አይደለም። አሁን የሚታየው ትርፍ ግን ከፊሉ ከልጅቷ እንቅልፍ ላይ የተቆረጠ ነው።

ትምህርቷን በተመለከተ ያላት ጊዜ አጭር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ትቀመጣለች። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከተፈታኞቹ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህም ፈተናው ለማንም ቀላል አልሆነም። ባለሁለት መኝታ ቤት ውስጥ፣ በስምንት ሰው መካከል ለጥናት የሚሆን ጥግ ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ከቤት ውጭ እንድታጠና ይልቀቋት፤ የትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ክፍት ከሆነ እዚያ፣ ካልሆነም በ2014 ዓ.ም. 4 ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ከጀሞ መንገዱ ይረዝማል፤ ነገር ግን በታክሲ ውስጥ ለብቻዋ የምትቀመጥበት ጊዜም ለዚህች ልጅ ዕረፍት ነው።

አማትዎ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ሳይሉ እንደማይቀሩ እገምታለሁ። ሌላ ልጅ መውለድ አለመውለድ የእርስዎና የባለቤትዎ ውሳኔ ነውና በዚህ ላይ ምክር አልሰጥም። ማቆየት ከፈለጉ ግን በአቅራቢያዎ ባለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ በክንድ ውስጥ የሚቀበረው የ3 ወይም የ5 ዓመት መከላከያም ሆነ ለረጅም ዓመታት የሚያገለግለው ሉፕ ያለ ክፍያ ይሰጣል።

አዲሱ ክፍፍል በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይላላል። አንድ ጠዋት መብራት ይጠፋል፣ እንጀራው ይዘገያል፣ የ13 ዓመቱ ልጅ አልነሳም ይላል፤ ያኔ አፍዎ ሳያስበው የትልቋን ስም ይጠራል። ጠርተው ከሆነ «ተይው፣ ተኚ» ብለው ይመልሷት፤ ትንሹ ልጅ አንድ ቀን አርፍዶ ቢደርስ ይሻላል። ዛሬ ማታ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ፦ በልጅዎ ስልክ ላይ ያለውን የ11 ሰዓት አላርም እርሷ እያየች ያጥፉትና በእርስዎ ስልክ ላይ ይሙሉት።